ቺፕ የተገጠመለት ፕሌይስቴሽን 2 አልነሳ ሲል፦ ከሶኬት እስከ ቦርድ የሚዘልቅ የፍተሻ መመሪያ

ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ወይም ከሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት የተገዛ፣ ለዓመታትም ቁም ሳጥን አናት ላይ አቧራ ሲጠጣ የኖረ ፕሌይስቴሽን 2 አልነሳ ሲል፣ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቺፑን፣ ማለትም ቅጂ ሲዲዎችን እንዲቀበል በኋላ የተጨመረበትን ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ ግን ቺፑ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ ቀርቦ ምርቱ እስከ ቆመበት እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው ይህ ማሽን በተፈጥሮው ጠንካራ ነው። ቺፕ ሲገጠምለት ግን በአንድ ቀፎ ውስጥ ሁለት ማሽኖች ይሆናሉ፦ አንዱ ፋብሪካው የሠራው፣ ሁለተኛው አንድ ባለሙያ በካውያና በቀጫጭን ሽቦዎች የጨመረበት። የዚህ መመሪያ አካሄድ የታመመው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ካውያ አለማጋል ነው። ስለሆነም ፍተሻው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ምንም ከማይበላሽበት ሥራ ወደሚያሰጋው ሥራ ይሄዳል።

እዚህ የተጻፈው በተለይ ለትልቁ፣ በጀርባው ማብሪያ ማጥፊያ ላለው ሞዴል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ቀጭኑ ሞዴል ልዩነት በሚያሳይባቸው ቦታዎች ልዩነቱ ይጠቀሳል።

ደረጃ 1፦ «አልነሳም» ማለት ምን ማለት ነው?

ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ። የጀርባውን ማብሪያ ሲጫኑ ፊት ለፊት ያለው ቀይ መብራት ይበራል ወይስ አይበራም? ቀዩ ከበራ በኋላ የፊት ቁልፉን ሲነኩ ወደ አረንጓዴ ይቀየራል? አረንጓዴው ይጸናል ወይስ ለአንድ ሰከንድ ያህል ታይቶ ይጠፋል? አየር ማራገቢያው ይዞራል? የሲዲ ማስወጫውን ሲጫኑ ሰማያዊው መብራት በርቶ መሳቢያው ይከፈታል? መልሶቹን እንደታዩ ይጻፏቸው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ሁሉ በእነዚህ መልሶች ላይ ይቆማል።

ቀይ መብራት ጭራሽ ከሌለ ጥርጣሬው ያለው ከሶኬቱ እስከ ፓወር ሰፕላዩ ባለው መንገድ ላይ፣ እንዲሁም የፊት ቁልፉን ከቦርዱ ጋር በሚያገናኘው ጠፍጣፋ ኬብል ላይ ነው። ቀይ በርቶ ቁልፉ ምንም ካላመጣ ያው ጠፍጣፋ ኬብል፣ ቁልፉ ራሱ፣ ወይም ከቺፑ ወደ ቁልፉ መስመር የሄደው ሽቦ ይጠረጠራል። አረንጓዴው ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፣ ወይም ኃይሉ አልበቃም። አረንጓዴው ጸንቶ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ኃይሉ ደርሷል ማለት ስለሆነ ጉዳዩ የምስል፣ የሚሞሪ ካርድ፣ የሐርድ ዲስክ ወይም የቺፕ ሽቦ ነው።

ከዚህ ዝርዝር ሆን ተብሎ የቀረ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ሌንሱ ነው። ማሽኑ ሲዲ ባይኖርበትም፣ ሌንሱ ፈጽሞ ቢሞትም እንኳ ተነሥቶ ማውጫውን ማሳየት ይችላል። ስለዚህ «አልነሳም» ለሚል ማሽን ሌንስ እንለውጥ የሚል ጠጋኝ ካጋጠመዎ ማሽንዎን ይዘው ይመለሱ።

ከመብራቶቹ ቀጥሎ የሚጻፈው ታሪኩ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው መቼ ነበር? ከዚያ በኋላ ምን ተደረገ? መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው የጠፋው፣ ከቦታ ቦታ ሲጓጓዝ፣ ለጽዳት ተከፍቶ ሲዘጋ፣ ወይስ ሌላ ሚሞሪ ሲሰካበት? አንድ ጊዜ ሦስት ምሽት ሙሉ የቺፕ ሽቦዎችን አንድ በአንድ ስፈትሽ ከከረምኩ በኋላ፣ ባለቤቱ በመጨረሻ «እኔ እኮ አቧራውን ልጠርግ ብዬ ከፍቼው ነበር» አለኝ። ያኔ ወደ ጠፍጣፋው ኬብል ሄድኩ፤ ከሶኬቱ ግማሽ መንገድ ወጥቶ ተገኘ።

ደረጃ 2፦ ከታች ያለውን ተለጣፊ ማንበብ

ማሽኑን ገልብጠው በተለጣፊው ላይ «ኤስሲፒኤች» ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። የመጨረሻው አኃዝ ማሽኑ የተሠራበትን ገበያ ይናገራል፦ 0 ጃፓን፣ 1 ሰሜን አሜሪካ፣ 3 ብሪታንያ፣ 4 አህጉራዊ አውሮፓ ነው። ለምሳሌ 39001 እና 50001 የአሜሪካ፣ 39004 የአውሮፓ ናቸው። ከቁጥሩ አጠገብ ማሽኑ የሚቀበለው የቮልት መጠን ተጽፏል፤ ወሳኙም እሱ ነው።

የአሜሪካው ትልቁ ሞዴል ፓወር ሰፕላይ በውስጡ ያለ ሲሆን የተሠራውም ለ120 ቮልት ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ሶኬት ደግሞ 220 ቮልት ይሰጣል። ተለዋዋጩ ኃይል በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ወደ ቀጥተኛ ሲቀየር ጫፉ በ1.41 ያህል ስለሚባዛ፣ 120 የነበረው 170 ገደማ፣ 220 የነበረው ግን 311 ቮልት ገደማ ይሆናል። ለ120 ቮልት ብቻ በተሠሩ ፓወር ሰፕላዮች ላይ ያለው ትልቁ ካፓሲተር (ኃይል አጠራቅሞ የሚይዘው ክፍል) በተለምዶ የሚችለው 200 ቮልት ነው። በአንድ ስህተት «ቷ» ብሎ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ኮንቨርተር ይዞ የመጣ ማሽን በአንድ ልጅ ጥድፊያ በቀጥታ ዲቫይደር ላይ ተሰክቶ የተቃጠለበት ቤት ጥቂት አይደለም። በጎ ጎኑ ግን ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ከፓወር ሰፕላዩ አያልፍም፤ ቦርዱም ቺፑም ደኅና ሆነው ይተርፋሉ።

የተገላቢጦሹም አለ። ከአውሮፓ ወይም ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ የተወሰደ የ220 ቮልት ማሽን በ120 ቮልት ላይ ሲሰካ አይቃጠልም፤ ነገር ግን ላይነሳ ወይም ብልጭ ብሎ ሊጠፋ ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ብቻ ያስፈልገዋል።

ከ70000 እስከ 79000 ያሉት ቀጫጭን ሞዴሎች 8.5 ቮልት በሚሰጥ የውጭ አዳፕተር ይሠራሉ። የአዳፕተሩን ጽሑፍ አንብበው ከየትኛው እስከ የትኛው ቮልት እንደሚቀበል ያረጋግጡ። በመልቲሜትር ሲለካ 8.5 ማሳየቱ ብቻውን ጤነኛ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ደካማ አዳፕተር ሸክም ሳይኖርበት ትክክለኛውን ቁጥር ያሳይና ማሽኑ ኃይል ሲጠይቀው ይወድቃል። አረንጓዴው ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ቀጭን ሞዴል ካለዎት ከሁሉ በፊት ጤነኛ አዳፕተር ተውሰው ይሞክሩ። የ90000 ሞዴል ደግሞ ቀጭን ቢሆንም ፓወር ሰፕላዩ በውስጡ ነው፤ ስለዚህ ስለ ትልቁ የተባለው ይመለከተዋል።

ደረጃ 3፦ ጭነቱን ማራገፍ

ሁለቱንም ሚሞሪዎች፣ ጆይስቲኮቹን፣ ፍላሹን፣ በመሳቢያው ያለውን ሲዲ ያውጡ። ከኋላ የኔትወርክ አዳፕተርና ሐርድ ዲስክ ከተገጠመ እሱንም ፈትተው ይለዩት። ከዚያ ባዶውን ማሽን ያስነሱ።

በዚህ ብቻ የሚነሳ ማሽን ብዙ ነው፤ ምክንያቱም «ቺፕ» ተብሎ የሚጠራው ማሻሻያ ሁልጊዜ ቺፕ አይደለም። በርካታ ማሽኖች ፍሪ ማክቡት በተባለ፣ በሚሞሪ ላይ በተጫነ ሶፍትዌር ብቻ የተከፈቱ ናቸው። ማሽኑ ሲነሳ ሚሞሪውን ስለሚያነብ፣ በሚሞሪው ላይ ያለው ፋይል ከተበላሸ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ሚሞሪው ሲወጣ ግን ማሽኑ ከፋብሪካ እንደወጣበት ቀን ይነሳል። ሐርድ ዲስክም እንዲሁ ነው፦ ያረጀ ሐርድ ዲስክ ማሽኑን አስሮ ማቆየት፣ በኃይል መስመሩ ላይ ሾርት ካደረገም ጭራሽ እንዳይነሳ ማድረግ ይችላል። ባዶው ማሽን ከተነሳ ደረጃ 4ን አንብበው ወደ ደረጃ 8 ይለፉ፤ መክፈት አያስፈልግዎትም።

ደረጃ 4፦ ማሽኑ ተነስቶ ቴሌቪዥኑ ያላሳየበት ጊዜ

አረንጓዴው ጸንቶ ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን ጆሮዎን ይጠቀሙ። የመነሻው ድምፅ ከተሰማ ማሽኑ ሠርቷል። ቀጥሎ የሚጠረጠሩት ኬብሉ፣ የቴሌቪዥኑ ግቤት ምርጫ፣ ወይም ማሻሻያው የቀየረው የምስል ዓይነት ናቸው። በኢትዮጵያ ለዓመታት የኖሩት ቴሌቪዥኖች የፓል ሥርዓት ናቸው። የአሜሪካና የጃፓን ማሽን የሚልከው ግን ኤንቲኤስሲ የተባለውን ሌላ የምስል ሥርዓት ስለሆነ፣ ሁለቱን የማያውቅ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ምስሉ ይንከባለላል ወይም ጥቁርና ነጭ ይሆናል። አንዳንድ የማሻሻያ ሶፍትዌሮች ደግሞ ማሽኑ ቴሌቪዥኑ የማይችለውን ጥራት እንዲልክ ማስገደድ ይችላሉ። ያ ማስተካከያ ሚሞሪው ላይ ከተቀመጠ ሚሞሪውን ማውጣት ያስተካክለዋል። ተራውን ባለ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ኬብል በሌላ ቴሌቪዥን ላይ መሞከር አምስት ደቂቃ አይወስድም፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ግን ሰዓታት ይወስዳል።

ደረጃ 5፦ መክፈት

እስካሁን ካልተነሳ መክፈት ግድ ነው። ገመዱን ከሶኬት ነቅለው ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይጠብቁ። ይህን ማስጠንቀቂያ እንደ ተለመደ ማስታወቂያ አይለፉት፤ በትልቁ ሞዴል ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ካፓሲተር፣ በተለይ ፓወር ሰፕላዩ ሲበላሽና የሚበላው ሸክም ሲያጣ፣ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሲከፍቱት መልቲሜትሩን በቀጥተኛ ቮልት፣ በ1000 ወይም በ600 መለኪያ ላይ አድርገው የካፓሲተሩን ሁለት እግሮች ይለኩ። ክፍያ ካለው በካቻቢቴ አያገናኙት፤ ብልጭታው ዓይንንም ቦርድንም ይጎዳል። የ220 ቮልት ባለ ክር አምፖል ሁለት በደንብ የተሸፈኑ ሽቦዎች አውጥተው በእግሮቹ ላይ ቢያስነኩ በእርጋታ ይፈስሳል። ከዚያ መልሰው ይለኩ። በዚህ ሥራ እጅዎ የማይተማመን ከሆነ ፓወር ሰፕላዩን ለሚያውቀው ይተዉት።

በታች በኩል እንደ ሞዴሉ 8 ወይም 10 ብሎኖች በትንንሽ ክዳኖች ሥር ተደብቀው ይገኛሉ። ክዳኖቹን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ አንስተው ብሎኖቹን ይፍቱ፣ ማሽኑን ይገልብጡ፣ ከዚያ የላይኛውን ቀፎ በዝግታ ያንሱ። ዝግታው የሚያስፈልገው ከፊት ቁልፉ ወደ ቦርዱ የሚሄደው ጠፍጣፋ ኬብል አጭርና ስስ በመሆኑ፣ ቀፎው ተመንጭቆ ሲነሳ የሚቀደደውም እሱ ስለሆነ ነው። ማሽኑ ቀደም ሲል ለቺፕ ተከፍቶ ስለነበር ኬብሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ታጥፎ ያውቃል። አውጥተው ጫፉን በብርሃን ያዩታል፤ መስመሮቹ የተሰነጠቁ ወይም የተላጡ ከሆነ፣ እያንዳንዱን መስመር በመልቲሜትሩ የድምፅ መለኪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፈትሻሉ፤ ደኅና ከሆነም ቀጥ አድርገው እስከ መጨረሻው ያስገቡታል። ቀይ መብራቱ ራሱ ያለው ከዚህ ኬብል ማዶ ነው፤ ስለዚህ ኬብሉ ከወጣ ፓወር ሰፕላዩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ማሽኑ ሙት ይመስላል።

ደረጃ 6፦ ፓወር ሰፕላይና በቦርዱ ላይ ያሉ ፊውዞች

በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ ያለውን ባልቦላ ይለኩ። ከተቃጠለ መለወጡ ቀላል ነው፤ ሆኖም ባልቦላ ያለምክንያት አይቃጠልም። አጠገቡ ሰማያዊ ወይም ቢጫ ሳንቲም የሚመስለው ከመጠን ያለፈ ቮልት መከላከያ ከፈነዳ ወይም ከጠቆረ፣ ወይም የትልቁ ካፓሲተር አናት ካበጠ፣ ማሽኑ ከአቅሙ በላይ ቮልት እንደገባበት ይመሰክራል። ባልቦላውን ለውጠው መጀመሪያ ሲያበሩ 100 ዋት ባለ ክር አምፖል በሲሪየስ (ኃይሉ በአምፖሉ አልፎ ወደ ማሽኑ እንዲሄድ አድርገው) አስገብተው ይሞክሩ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ሾርት የለም፤ ሙሉ ብርሃን ሰጥቶ ከጸና ሾርቱ አሁንም አለ፣ አምፖሉም አዲሱን ባልቦላ አድኖልዎታል።

ለተቃጠለ የአሜሪካ ፓወር ሰፕላይ የእኔ ምክር ክፍሎቹን አንድ በአንድ መለወጥ ሳይሆን፣ በሌላ ምክንያት ከሞተ ተመሳሳይ ተከታታይ ቁጥር ካለው የአውሮፓ ማሽን ሙሉ ፓወር ሰፕላይ ነቅሎ መግጠም ነው። ለምሳሌ ለ39001 ከ39004 ይወሰዳል። በዚህ መንገድ ማሽኑ ከኮንቨርተር ባርነት ይላቀቃል፤ ጨዋታዎቹን የሚቀበልበት ክልል ግን አይለወጥም። ከተለወጠ በኋላ «220 ቮልት» ብለው በታችኛው ተለጣፊ ላይ በግልጽ ይጻፉ።

ቦርዱ ራሱም የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ፊውዞች አሉት። በሁለቱ ጫፎቻቸው መካከል ንባቡ ወደ ዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። የተቃጠለ ሲያገኙ በሽቦ አያገናኙት። የተቃጠለ ፊውዝ ምስክር እንጂ ጥፋተኛ አይደለም፤ ከመለወጥዎ በፊት ከእሱ በኋላ ያለውን መስመር ከመሬቱ (ከቦርዱ የጋራ አሉታዊ መስመር) ጋር ለክተው ሾርት አለመኖሩን ያረጋግጡ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ለዋናዎቹ ቺፖች የሚሄዱት ዝቅተኛ ቮልት ያላቸው መስመሮች በጤናቸውም ጥቂት ኦም ብቻ ስለሚያሳዩ መልቲሜትሩ ሊጮኽ ይችላል። ድምፁን ብቻ አትመኑ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ቁጥሩን ይመልከቱ፣ ከተቻለም ከጤነኛ ቦርድ ጋር ያነጻጽሩ።

ደረጃ 7፦ ቺፑ

አሁን ወደ ተጨማሪው ማሽን ደርሰናል። ከዚህ በፊት ባሉት ደረጃዎች አልፎ የቀረ ማሽን በእርግጥም የቺፕ ጥርጣሬ ይገባዋል።

መጀመሪያ ሳይነኩ ይመልከቱ። በዘመኑ የተገጠሙት እንደ ማትሪክስ ኢንፊኒቲ፣ ሞድቦና ዲኤምኤስ ያሉ ቺፖች ከሃያ በላይ የሚሆኑ ፀጉር መሳይ ሽቦዎች ሊኖሯቸው ይችላል። ሽቦዎቹ በአራት ወገን ይከፈላሉ፦ ኃይል የሚወስዱት (3.3 ቮልትና መሬት)፣ ማሽኑ ሲነሳ የሚያነበውን ባዮስ የሚጠልፉት፣ የሲዲ አንባቢውን ክፍል የሚያታልሉት፣ እና ወደ ፊት ቁልፉ መስመር የሚሄዱት። ይህን ክፍፍል ማወቅ ግማሽ ምርመራ ነው። ከባዮስ ጋር የተገናኘ ሽቦ ሲበጠስ ወይም ከጎረቤቱ ጋር ሲነካካ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ከቁልፉ መስመር ጋር የተገናኘው ሾርት ሲያደርግ ማሽኑ ቁልፉን አይሰማም፣ ወይም ራሱን ደጋግሞ ያስነሳል። የ3.3 ቮልቱ ሽቦ መሬት ሲነካ አረንጓዴው ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ከሲዲ አንባቢው ጋር የተገናኙት ሲላቀቁ ግን ማሽኑ በሰላም ይነሳል፣ ዋናውን ሲዲ ያጫውታል፣ ቅጂውን ብቻ ይገፋል።

ሽቦ የሚጎዳበት ዋናው ቦታ የብረት መሸፈኛው ጠርዝ ነው። ገጣሚው ሽቦውን በቦርዱ ላይ አሳልፎ ብረቱን ሲደፍንበትና ብሎኑን ሲያጠብቅ፣ ጠርዙ የሽቦውን ልባስ ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል፤ ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን መዳቡ ብረቱን ይነካል። የዚህ ዓይነት ማሽን ተከፍቶ ሲሞከር ይሠራል፣ ሲዘጋ ይሞታል። ጠጋኙ ዘንድ ሲሠራ፣ ቤት ሲደርስ እንቢ ሲል ባለቤቱና ጠጋኙ የሚጣሉበትም ብልሽት ይኸው ነው። ሽቦዎቹን በአጉሊ መነጽር ተከታትለው የተጫነ ወይም የተጨፈለቀ ቦታ ካገኙ ያን ሽቦ ይለውጡ፣ መንገዱን ከጠርዙ ያርቁ፣ ሙቀት በሚችል ቴፕ ይሸፍኑ። ሽቦ ለመያዝ የተደፋ ሙጫ ደርቆ ከቦርዱ ተላቅቆ ከሆነ፣ ሲነሳ ሽቦውን ከነ መዳብ መስመሩ ይዞ ሊነሳ ስለሚችል በኃይል አይላጡት፤ በንጹሕ አልኮል ጠርዙን እያራሱ ያላሉት።

ቀጥሎ ብየዳዎቹን ይዩ። ጥሩ ብየዳ አንጸባራቂና ለስላሳ ነው፤ ደብዛዛና የተሰነጠቀ ቀለበት ያለው ሲያዩ ጥቂት ፔስት (ብየዳ እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) ቀብተው ጫፉ ስል በሆነ ካውያ ለሁለት ሰከንድ ያህል ብቻ ያቅልጡት። አዲስ ሊድ መጨመር አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ በእነዚህ ጠባብ እግሮች ላይ የተረፈች ጠብታ ጎረቤት እግር ላይ ትደርሳለች። ሲጨርሱ የፔስቱን ቅሪት በአልኮልና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጽዱ፤ እርጥበት የሚስብ ቅሪት በራሱ የብልሽት ምንጭ ነው።

ከዚህም በኋላ ካልተነሳ ቺፑን ከጨዋታው ማስወጣት ይገባል። ብዙዎቹ ቺፖች ማሽኑ ሲነሳ የፊት ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ በመያዝ እንዲተኙ ማድረግ ይቻላል፤ መጀመሪያ እሱን ይሞክሩ። ካልሆነ ሰዎች የሚያደርጉት የ3.3 ቮልቱን ሽቦ መንቀል ነው፤ ስህተቱም እዚህ ላይ ነው። ኃይል ያጣ ቺፕ ከመስመሮቹ አይገለልም። በእግሮቹ ውስጥ ባሉት መከላከያ ዳዮዶች በኩል ከባዮስ መስመሮች ኃይል እየሳበ መስመሮቹን ወደ ታች ሊጎትት ስለሚችል፣ ማሽኑ ቺፑ በርቶ ከነበረበት ጊዜ ብሶ ሊገኝ ይችላል። «ኃይሉን ነቅዬው እንኳ አልተነሳም፣ ስለዚህ ቦርዱ ሞቷል» የሚለው ፍርድ በዚህ ምክንያት ብዙ ጤነኛ ቦርድ አስጥሏል።

ትክክለኛው ሙከራ እንዲህ ነው። ሁሉንም ሽቦዎች በቅርብ ርቀት፣ ከእያንዳንዱ አቅጣጫ ፎቶ ያንሱ። በወረቀት ላይ የቦርዱን ንድፍ ሥለው እያንዳንዱን ሽቦ ቁጥር ይስጡት። ከዚያ የኃይሉን ሽቦ፣ የባዮስ ሽቦዎችን፣ የቁልፉን ሽቦ በዚህ ቅደም ተከተል ከቺፑ በኩል ይንቀሉ፤ ከቦርዱ በኩል ያሉት ነጥቦች እጅግ ደካማ ስለሆኑ ሳይነኩ ይቆዩ። የተንጠለጠሉት ጫፎች እንዳይነካኩ አንድ በአንድ በቴፕ ያስቀምጧቸው። አሁን ማሽኑ ከተነሳ ቦርዱ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ በቺፑ ወይም በሽቦ አዘረጋጉ ላይ ነው። ካልተነሳ ደግሞ ሽቦዎቹ በተበየዱበት ቦታ ላይ በጎረቤት እግሮች መካከል ሾርት እንዳለ ይለኩ፤ እሱም ከሌለ በሽታው ከፋብሪካው ቦርድ ላይ ነው።

መልሶ ለመግጠም የሚያስቡ ከሆነ ንድፉ የሚመረጠው በሞዴል ቁጥር ሳይሆን በቦርዱ ሥሪት መሆኑን ልብ ይበሉ። አንድ ዓይነት የሞዴል ቁጥር ያላቸው ማሽኖች የተለያየ ቦርድ ሊይዙ ይችላሉ፤ ለምሳሌ በ50001 ውስጥ ቪ9 ወይም ቪ10 ይገኛል። ለአንዱ የተሠራ ንድፍ በሌላው ላይ ሽቦውን የማይገባው እግር ላይ ያሳርፋል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የማደርገው ሌላ ነው፦ የተበላሸ ቺፕ ካገኘሁ ሽቦዎቹን ሙሉ በሙሉ አንስቼ ማሽኑን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው እመልሰዋለሁ፣ ሥራውን ፍሪ ማክቡት እንዲይዘው አደርጋለሁ። ሃያ ሽቦ የሚሠራውን አንድ ሚሞሪ ከሠራው፣ ለመበላሸት ሃያ ዕድል መስጠት አይታየኝም።

ደረጃ 8፦ በሚሞሪ የተከፈተ ማሽን

በደረጃ 3 ላይ ሚሞሪውን ሲያወጡ የተነሳ ማሽን ካለዎት፣ የሚሞሪውን የመዳብ ጥርሶች በአልኮል አጽድተው በመጀመሪያው ቀዳዳ ይሰኩት። አሁንም ካሰረው ፋይሎቹ ተበላሽተዋል፤ ሚሞሪው ጠፍቶ እንደገና መጫን አለበት። ለመጫን የሚሠራ ሌላ የፍሪ ማክቡት ሚሞሪ ያለው ወዳጅ ያስፈልጋል። እሱ ካልተገኘ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነውና የማሽኑን ዲቪዲ ማጫወቻ ክፍተት የሚጠቀመው ፍሪ ዲቪዲ ቡት በብዙ ሞዴሎች ላይ፣ ያለ ምንም ቺፕ፣ በተቃጠለ ዲቪዲ ብቻ መግቢያ ይሰጣል።

ሚሞሪው በአንዱ ማሽን ሠርቶ በሌላው ፀጥ ካለ ብልሽት አይደለም። ማሽኑ ሲነሳ የሚፈልገው ፎልደር ስሙ እንደ ክልሉ ይለያያል፤ የአሜሪካ ማሽን ሁለተኛ ፊደሉ «ኤ» የሆነውን፣ የአውሮፓው «ኢ»፣ የጃፓኑ «አይ» የሆነውን ይፈልጋል። ስለዚህ ሲጭኑ ለሁሉም ክልል የሚለውን ምርጫ ይምረጡ። የመጨረሻው የባዮስ ሥሪት ያላቸው የ90000 ማሽኖች ደግሞ ፍሪ ማክቡትን ጭራሽ አይቀበሉም። ገበያ ላይ ያሉት 64 ወይም 128 ሜጋባይት የሚሉ ስም የለሽ ሚሞሪዎች ብዙ ጊዜ ችግር ስለሚፈጥሩ፣ ዋናውን 8 ሜጋባይት ፈልጎ መግዛት ያሳርፋል።

ደረጃ 9፦ ተነስቶ ሲዲ የማያነብ

ቀይ ስክሪን መጥቶ የፕሌይስቴሽን ሲዲ አስገባ የሚል ጽሑፍ ካሳየ ማሽኑ ተነስቷል። ዋናውን ሲዲ የሚያነብና ቅጂውን የማይቀበል ከሆነ በደረጃ 7 ወደተባሉት የሲዲ አንባቢ ሽቦዎች ይመለሱ። ሁለቱንም ካላነበበ ሌንሱን በደረቅ ጥጥና በጥቂት አልኮል ያጽዱ። በሌንሱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን ማዞር ለጥቂት ሳምንት ነፍስ ይሰጥና ዕድሜውን ይጨርሰዋል፤ የሚለወጥ ሌንስ እስኪገኝ ድረስ ከፍላሽ ወይም ከሐርድ ዲስክ ማጫወት ይሻላል።

ደረጃ 10፦ መዝጋት

የብረት መሸፈኛውን መልሰው፣ ቀፎውን ሳይገጥሙ፣ ማሽኑን ያስነሱ። ከዚያ የመሸፈኛውን ብሎኖች አንድ በአንድ እያጠበቁ ከእያንዳንዱ በኋላ እንደገና ያስነሱ፤ የተጫነ ሽቦ ካለ የትኛው ብሎን እንደጫነው በዚህ ይታወቃል። ጠፍጣፋውን ኬብል አስገብተው ቀፎውን ይዝጉ፤ ሰዓቱን የሚይዘው ሲአር2032 ባትሪ ካለቀም ቀፎው ሳይዘጋ ይለውጡት፤ የሞተ ባትሪ ሰዓቱን ያጠፋል እንጂ ማሽኑን ከመነሳት አያግደውም። የታችኛዎቹን ብሎኖች ገና ሳያስገቡ አንድ ሰዓት ያህል ያጫውቱበት፣ ማራገቢያው የሚያወጣው አየር ለብ ያለ መሆኑን በእጅዎ ይፈትሹ፣ አጥፍተው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁና እንደገና ያስነሱት። በሁለተኛው ከተነሳ ብሎኖቹን አስገብተው ክዳኖቹን ይመልሱ።